ምዕራፍ 6፦ ጨዋታው የወደቀበት ቦታና የጣለው ፕሮግራም

«ግራንድ ቴፍት ኦቶ፦ ሳን አንድሪያስ» ለኮምፒውተር የወጣው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በጨዋታው ውስጥ ስኪመር የምትባል፣ ውሃ ላይ የምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን አለች። ከዊንዶውስ ኤክስፒ አንሥቶ ለሃያ ዓመት ገደማ ያለ እንከን ስትበር ኖራለች። በ2024 መገባደጃ ማይክሮሶፍት 24ኤች2 የተባለውን የዊንዶውስ 11 ማሻሻያ ሲለቅ ግን አውሮፕላኗ ከጨዋታው ጠፋች። በሌላ ዘዴ አስገድዶ ያመጣትና የተሳፈረባት ተጫዋች ደግሞ ከ1 ቀጥሎ 31 ዜሮ የሚደረደርበትን ያህል ሜትር ወደ ሰማይ ይወረወር ነበር።

ተጠርጣሪው ወዲያው የታወቀ ይመስላል፤ ጨዋታው እንደነበረ ነው፣ የተቀየረው ዊንዶውስ ነው። ሳይለንት በሚል ስም የሚታወቀውና ለቆዩ ጨዋታዎች ማስተካከያ የሚሠራው ፕሮግራመር በ2025 ጉዳዩን ከሥሩ ሲመረምር ያገኘው ግን ሌላ ነው። ጨዋታው ሲከፈት የተሽከርካሪዎችን ዝርዝር ከአንድ ፋይል ያነባል፤ በዝርዝሩ ውስጥ የጎማ መጠን አለ። በስኪመር መስመር ላይ ይህ ቁጥር አልተጻፈም። በቀደመው «ቫይስ ሲቲ» ስኪመር ከጀልባ ተመድባ ስለነበር ጎማ አያስፈልጋትም ነበር፤ ወደ አውሮፕላን ምድብ ስትዛወር የጎደለውን የሞላላት ሰው አልነበረም። ጨዋታው ቁጥሩ መጉደሉን አያጣራም። ከእሷ በፊት የተነበበው ተሽከርካሪ በሜሞሪ ውስጥ የተወውን ቁጥር አንሥቶ ይጠቀማል። ያ ተሽከርካሪ ደግሞ ጎማው ልከኛ የሆነ መኪና ነበር። 24ኤች2 ሲመጣ ፋይል ሲነበብ የሚጠራ አንድ የዊንዶውስ ክፍል ያንኑ የሜሞሪ ቦታ ለራሱ ሥራ መጠቀም ጀመረ። ቦታው በሕግ የማንም አልነበረምና ይህን ማድረግ መብቱ ነው። የተረፈው ቁጥር ጠፋ፣ በምትኩ ለጎማ ትርጉም የማይሰጥ ቁጥር ተቀመጠ፣ አውሮፕላኗም ተሰወረች።

አንድ ጨዋታ በድንገት መዘጋት ሲጀምር «በቅርቡ ምን ተቀየረ?» ብሎ መጠየቅ ትክክለኛ መነሻ ነው። መልሱን እንዳገኙ ጥፋተኛ ማድረግ ግን ያሳስታል። አዲስ የመጣው ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ለዓመታት ተደብቆ የኖረን ስህተት ማውጣት ብቻ ነው። ለተጫዋቹ ይህ ልዩነት ከንቱ ክርክር ሊመስለው ይችላል፤ ሆኖም መፍትሔውን ከየት እንደሚጠብቅ የሚወስነው ይኸው ነው።

የሶፍትዌር ጸሐፊው ጆኤል ስፖልስኪ በ2004 ያወጋው የ«ሲምሲቲ» ታሪክም ከዚህ ጋር ይሄዳል። የዶስ ዘመን ጨዋታው አንድን የሜሞሪ ክፍል ጨርሻለሁ ብሎ ከመለሰ በኋላ ወዲያው ደግሞ ያነብበው ነበር። የኪራይ ቤቱን አስረክቦ የወጣ ሰው የረሳውን ዕቃ ፍለጋ ቢመለስ፣ አዲስ ተከራይ እስካልገባ ድረስ ዕቃውን ባስቀመጠበት ያገኘዋል። ዶስ ላይ በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ፕሮግራም ስለሆነ አዲስ ተከራይ አይመጣም። ዊንዶውስ ላይ ግን የተለቀቀው ቦታ ወዲያው ለሌላ ይሰጣልና ጨዋታው ይወድቃል። የማይክሮሶፍት ሰዎች የጨዋታውን ኮድ ፈትተው ስህተቱን ካገኙ በኋላ፣ ሲምሲቲ በተከፈተ ቁጥር የተለቀቀው ሜሞሪ ለጊዜው እንዳይነካ የሚያደርግ ልዩ መንገድ ዊንዶውስ ውስጥ ጨመሩ። የራሳቸው ያልሆነን ስህተት ተሸከሙ ማለት ነው። ገዢው አዲሱን ዊንዶውስ ጭኖ የሚወደው ጨዋታ ቢዘጋበት የሚወቅሰው ዊንዶውስን እንደሆነ ያውቁ ነበር።

ዛሬ እያንዳንዱ ፕሮግራም የተከለለ ሜሞሪ አለው፤ አንዱ በስህተት የሌላውን ሊያበላሽ አይችልም። ታዲያ አንድ የወሬ መለዋወጫ መተግበሪያ ጨዋታን እንዴት ይዘጋል? መልሱ፣ ከጨዋታው ውጭ የሚሠሩ የሚመስሉን ብዙ ፕሮግራሞች በእርግጥ የሚሠሩት ከጨዋታው ሜሞሪ ውስጥ ገብተው ነው የሚል ነው።

ስክሪኑ ጥግ ላይ በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚወጣ የሚያሳየውን ቁጥር፣ ወይም በጨዋታ መሐል ብቅ የሚለውን የጓደኛ መልእክት አስቡ። እነዚህ ኦቨርሌይ ይባላሉ። ጨዋታው አንድ ምስል ሥሎ ሲጨርስ ስክሪን ላይ እንዲወጣለት ምስል ለሚያሳየው የዊንዶውስ ክፍል፣ ለዳይሬክትኤክስ፣ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ትእዛዙ «ፕሬዘንት» ይባላል። ኦቨርሌዩ በዚህ ትእዛዝ መንገድ ላይ ይቆማል። የራሱን የኮድ ፋይል ጨዋታው ሜሞሪ ውስጥ ያስገባል፣ ከዚያ የፕሬዘንትን የመጀመሪያ ጥቂት ባይቶች አንሥቶ ወደ ራሱ ኮድ በሚያዞር አቅጣጫ ይተካቸዋል። ያነሣቸውን ባይቶች አይጥላቸውም፤ ሥራውን ሲጨርስ ወደ ዋናው ትእዛዝ ለመመለስ ያስፈልጉታል። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ምስል ከመውጣቱ በፊት በኦቨርሌዩ በኩል ያልፋል። ጨዋታው በሰከንድ 60 ምስል ቢያወጣ ይህ በየሰከንዱ 60 ጊዜ ይፈጸማል።

ኦቨርሌዩ አንድ ብቻ ሲሆን ነገሩ ብዙ ጊዜ በሰላም ያልፋል። ሁለተኛው ሲመጣ በፕሬዘንት መጀመሪያ ላይ የሚያገኘው የዳይሬክትኤክስን ኮድ ሳይሆን የመጀመሪያው ኦቨርሌይ የተከለውን አቅጣጫ ነው። ይህንኑ እንደ ዋናው ቆጥሮ ያስቀምጠዋል። አሁን ሁለቱ ተሰናስለዋል። የመጀመሪያው በማናቸውም ምክንያት ከጨዋታው ቢወጣ፣ ኮዱ ከሜሞሪ ይነሣል፤ ሁለተኛው ግን አሁንም ወደዚያ አድራሻ ይልካል። ጨዋታው ምንም ወደሌለበት አድራሻ ይዘላል፣ ዊንዶውስም ያቆመዋል። ስክሪን ላይ የሚወጣው የስህተት መልእክት የሚጠራው የጨዋታውን ስም ብቻ ነው። ተጫዋቹም ጨዋታውን አጥፍቶ እንደገና ይጭናል፣ ችግሩም እንዳለ ይጠብቀዋል።

በአንድ ተራ የጨዋታ ኮምፒውተር ላይ ስንት እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች እንዳሉ መቁጠር ያስደነግጣል። ስቲም የራሱ ኦቨርሌይ አለው፤ የወሬ መለዋወጫው ዲስኮርድም አለው። የኤንቪዲያና የኤኤምዲ መተግበሪያዎች አላቸው። ዊንዶውስ ራሱ የኤክስቦክስ ጌም ባርን ይዞ ይመጣል። ከኤምኤስአይ አፍተርበርነር ጋር የሚጫነው ሪቫቱነር ሥራው በሙሉ ይኸው ነው። ጨዋታን ለመቅዳት የሚያገለግለው ኦቢኤስም ጨዋታን ብቻ ለይቶ ሲቀዳ በዚሁ መንገድ ይገባል። ከሁሉ የሚሰወሩት የድምፅ ማሳመሪያዎቹ ናቸው፤ ናሂሚክና ሶኒክ ስቱዲዮ ከማዘርቦርድ ወይም ከላፕቶፕ ጋር ተጭነው ስለሚመጡ ባለቤቱ መኖራቸውን ላያውቅ ይችላል፣ ግን እነሱም ኮዳቸውን ጨዋታው ውስጥ ያስገባሉ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ምንም የማያስወጣውና ምንም የማያጠፋው ነው። ሁሉንም ኦቨርሌይ ዝጉና ተጫወቱ። ጨዋታው መዘጋቱን ካቆመ አንድ በአንድ እየመለሳችሁ የሚያጣላውን ለዩ። እኔ ብጠየቅ አንድ ኦቨርሌይ ይበቃል እላለሁ፤ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ስክሪን ላይ ያንኑ የምስል ቁጥር እንዲጽፉ የሚያስገድድ ምክንያት የለም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው በከርነል ደረጃ የሚደርሰው ግጭት ነው። ከርነል የዊንዶውስ እምብርት ሲሆን እዚያ የሚሠራ ኮድ ሲሳሳት የሚዘጋው ጨዋታው ብቻ አይደለም፤ ሰማያዊ ስክሪን መጥቶ ኮምፒውተሩ በሙሉ ይወድቃል። የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚያንቀሳቅሱት ድራይቨሮች በአብዛኛው የሚሠሩት እዚያ ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ አጭበርባሪ ተጫዋቾችን የሚቆጣጠሩት ፕሮግራሞች ወደዚያ ወርደዋል። ራዮት ጌምስ በ2020 ከ«ቫሎራንት» ጋር ያወጣው ቫንጋርድ ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ ይነሣል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት የፋንና የሙቀት መቆጣጠሪያ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙባቸውን አንዳንድ ድራይቨሮች እንዳይሠሩ ያግድ ስለነበር ብዙ ቅሬታ አስነሥቷል። በ2024 ደግሞ በአንዳንድ የኢንቴል ኮምፒውተሮች ላይ የቆየ የኢዚ አንቲቺት ስሪት ከ24ኤች2 ጋር ተጋጭቶ ሰማያዊ ስክሪን አመጣ፤ ማይክሮሶፍትም ማሻሻያው ለእነዚህ ኮምፒውተሮች እንዳይደርስ አገደ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ተጫዋቹ ቤቱ ሆኖ የሚፈታው አይደለም። ሊያደርግ የሚችለው ጨዋታውን ማሻሻልና ዊንዶውስን ወደ ቀደመው ስሪት መመለስ ነው። ዊንዶውስ ከትልቅ ማሻሻያ በኋላ ለመመለስ የሚሰጠው ጊዜ 10 ቀን ስለሆነ ችግሩን ያየ ሰው ባይዘገይ ይሻላል።

አሁን ወደ ማስረጃው እንምጣ። ዊንዶውስ እያንዳንዱን መውደቅ ይመዘግባል፤ አብዛኛው ሰው ግን ይህን መዝገብ ከፍቶ አያውቅም። ስታርት ላይ «ሪላያቢሊቲ» ብላችሁ ብትፈልጉ በቀን የተደረደረ ሠንጠረዥ ይከፈታል። ቀይ ምልክት የወደቀ ፕሮግራም ነው። ከዚያው ሥር በዚያ ቀን የተጫኑ ፕሮግራሞችና ማሻሻያዎች ተዘርዝረዋል። መውደቁ የጀመረበትን ቀንና በዚያ ቀን አካባቢ የገባውን ነገር ጎን ለጎን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ዊንዶውስ ውስጥ አላውቅም።

ዝርዝሩ ያለው ኢቨንት ቪወር ውስጥ ነው። በአፕሊኬሽን መዝገብ ቁጥር 1000 የያዘውን ስህተት ፈልጉ። ሁለት ነገር ይነግራችኋል፤ አንደኛው የወደቀው ፕሮግራም፣ ሁለተኛው በወደቀበት ቅጽበት ሲሠራ የነበረው የኮድ ፋይል። ይህ ሁለተኛው ስም ዋጋ አለው። በውስጡ ዲስኮርድ ወይም ኦቨርሌይ የሚል ቃል ካለ ፍለጋው አጠረ። በኤንቪ የሚጀምር ከሆነ የኤንቪዲያ ድራይቨር ነው። ኤንቲዲኤልኤል ወይም ከርነልቤዝ ከሆነ ግን የዊንዶውስ ፋይሎች ተበላሹ ብላችሁ አትደምድሙ። እነዚህ ሁሉም ፕሮግራም የሚያልፍባቸው ክፍሎች ናቸው፤ ሌላው ቀደም ብሎ ያበላሸው ሜሞሪ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው እነሱ ዘንድ ሲደርስ ነው።

የስህተት ቁጥሩም ይናገራል። ከ«ሲ» በኋላ ስድስት ዜሮ ደርድሮ በ5 የሚያልቀው፣ ፕሮግራሙ ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ ነካ ማለት ነው። ከላይ ያየናቸው ግጭቶች አብዛኞቹ የሚታዩት በዚህ ቁጥር ስለሆነ ብቻውን ብዙ አይለይም። በ7ቢ የሚያልቀው ግን ጠባብ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 64 ቢት ጨዋታ ባለ 32 ቢት ፋይል ሲያገኝ፣ ወይም በተቃራኒው ሲሆን ይመጣል፤ ሁነኛው መድኃኒት የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ፋይሎችን ከማይክሮሶፍት አውርዶ እንደገና መጫን ነው። በሲስተም መዝገብ ውስጥ 4101 የሚል ቁጥር ካያችሁ ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ መልስ ሳይሰጥ ቆይቶ ዊንዶውስ ድራይቨሩን እንደገና አስነሥቶታል። ዊንዶውስ ካርዱን የሚጠብቀው 2 ሰከንድ ነው። ምክንያቱ ከፋብሪካው ልክ በላይ እንዲሮጥ የተደረገ ካርድ፣ ሙቀት ወይም የድራይቨር ስህተት ሊሆን ስለሚችል፣ መጀመሪያ የካርዱን ፍጥነት ወደ ፋብሪካው ልክ መልሱ፤ ድራይቨር መቀየር ከዚያ በኋላ ይምጣ።

መዝገቡ ስም ካልሰጠ የሚቀረው ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥራ ነው። ሲስተም ኮንፊገሬሽን የሚለውን ክፈቱ፤ ሰርቪሶች የሚባሉት ከበስተጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ከተዘረዘሩበት ገጽ ሥር የማይክሮሶፍትን ሰርቪሶች የሚደብቅ ምልክት ማድረጊያ አለ። እሱን ሳትነኩ ምንም አታጥፉ፤ አለዚያ ዊንዶውስ ራሱ የሚፈልጋቸውን ትዘጋላችሁ። ከዚያ የቀሩትን አጥፉ፣ ከታስክ ማናጀርም አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ዝጉና ሪስታርት አድርጉ። የጨዋታው የማጭበርበር መቆጣጠሪያ ሰርቪስ ግን ይቆይ፤ ያለ እሱ ጨዋታው አይከፈትም። ጨዋታው በዚህ ሁኔታ ካልወደቀ ጥፋተኛው ካጠፋችኋቸው መካከል ነው።

40 ፕሮግራሞች ቢኖሩ አንድ በአንድ መሞከር እስከ 40 ሪስታርት ሊወስድ ይችላል። በግማሽ ብትከፍሏቸው 6 ሙከራ ይበቃል። ሃያውን መልሱ፤ ጨዋታው ከወደቀ ጥፋተኛው ከሃያዎቹ ውስጥ ነው፣ ካልወደቀ ከሌሎቹ ሃያ። እንደዚያው ወደ አሥር፣ ወደ አምስት እያላችሁ ውረዱ። ጀርመናዊው የኮምፒውተር ሊቅ አንድሪያስ ዜለር በ1999 ይህን የመክፈል ሥራ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲሠራው የሚያደርግ ዘዴ አሳትሟል፤ ፕሮግራመሮች ዛሬም ይጠቀሙበታል።

አንድ ወጥመድ አለ። ግጭት ሁለት ወገን ይፈልጋል። ሁለቱ ተጣዪዎች በተለያየ ግማሽ ውስጥ ከወደቁ ጨዋታው በሁለቱም ሙከራ ደኅና ሆኖ ይሠራል፤ ሁሉም ሲመለሱ ግን ይወድቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ማድረግ ያለባችሁ አንዱን ግማሽ ሙሉ በሙሉ እንደበራ መተውና ሌላውን ብቻ እየከፈሉ መሄድ ነው። አንዱ ተጣዪ ከተገኘ በኋላ እሱን አብርታችሁ በመጀመሪያው ግማሽ ውስጥ ያለውን ጓደኛውን በዚያው ዘዴ ትፈልጋላችሁ።

ሌላው ጊዜ ነው። ጨዋታው በአማካይ በየግማሽ ሰዓቱ በዘፈቀደ የሚወድቅ ከሆነ አሥር ደቂቃ ተጫውቶ «ተስተካከለ» ማለት ከንቱ ነው። የተለመደውን የመውደቂያ ጊዜ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም አንድ ሰዓት ተኩል ተጫወቱ። ችግሩ ሳይፈታ ያን ያህል በዕድል ብቻ የመቆየት አጋጣሚ 5 በመቶ ገደማ ነው። ቢቻል ደግሞ የሚወድቅበትን ቦታ ፈልጋችሁ እዚያው ሞክሩ፤ የጊዜ ሙከራ ያን ያህል አያስፈልግም።

ሞድ፣ ማለትም ሌሎች ሰዎች ለጨዋታው የሠሩትን ተጨማሪ፣ የሚጭኑ ተጫዋቾች ይህን የመክፈል ዘዴ ከማንም በላይ ያውቁታል። በሚያዝያ 2024 ቤተስዳ «ፎልአውት 4»ን ሲያሻሽል፣ ለቀድሞው ስሪት የተሠሩ ብዙ ሞዶች መሥራት አቆሙ፤ ለዓመታት ሲዘጋጅ የነበረው «ፎልአውት፦ ለንደን» የተባለው ሞድ እንኳ ወደ ሐምሌ ተላለፈ። ሞድ ያለው ሰው የጨዋታውን አውቶማቲክ ማሻሻያ ቢያቆም ይሻለዋል።

አንዳንዴ ግን ፍለጋው በሙሉ በተሳሳተ ቦታ ይካሄዳል። በ2023 እና በ2024 በአንሪል ኤንጂን የተሠሩ ጨዋታዎች በአንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ የግራፊክስ ካርዱ ሜሞሪ አለቀ እያሉ ይዘጉ ነበር። ካርዱ በቂ ሜሞሪ ነበረው። ሰዎች ድራይቨር ቀየሩ፣ ጨዋታውን ደጋግመው ጫኑ፣ ካርድ የለወጡም አሉ። ጥፋቱ የተገኘው ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየጠየቁ ይጎዱ ነበር። ጨዋታው ሲከፈት የታመቁ ፋይሎችን በሚፈታበት ሰዓት ፕሮሰሰሩ የተሳሳተ ውጤት ያወጣል፣ ስህተቱም የሜሞሪ መጉደል መስሎ ይታያል። ኢንቴል በሐምሌ 2024 ምክንያቱን አመነ፣ በነሐሴ ማስተካከያ ለቀቀ፣ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው የሚጫነው በማዘርቦርዱ ባዮስ ሲሆን ቀድሞ የተጎዳውን ፕሮሰሰር አያድንም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ የማይዛመዱ ጨዋታዎች፣ በየጊዜው በተለያየ ስህተት የሚወድቁ ከሆነ፣ ፕሮግራም ማጥፋታችሁን ትታችሁ ሜሞሪውንና ፕሮሰሰሩን አስመርምሩ።

በአገራችን የጥገና ቤቶች ለዚህ ሁሉ የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፤ ፎርማት። በፎርማት የሚድን ኮምፒውተር አለ፣ አልክድም። ነገር ግን ፎርማት መዝገቡንም አብሮ ይሰርዛል። ባለቤቱ በሳምንቱ ያንኑ ዲስኮርድ፣ ያንኑ ሪቫቱነር መልሶ ይጭናል፣ ጨዋታውም መውደቁን ይቀጥላል። መቶ ጊጋባይት የሚያህል ጨዋታ እንደገና ማውረድ ደግሞ በእኛ የኢንተርኔት ዋጋ ቀልድ አይደለም። መብራት ድንገት ጠፍቶ የጨዋታው ፋይል የተበላሸ ከመሰላችሁ ስቲም ፋይሎቹን መርምሮ የተበላሸውን ብቻ የሚያወርድበት መንገድ አለው፤ እሱን አስቀድሙ። ቴክኒሻን ከሆናችሁ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ሰጥታችሁ የ1000ን መዝገብ አንብቡ። ደንበኛው ገንዘቡን የሚከፍለው ለዚህ ነው።

ክራክ ስለተደረጉ ጨዋታዎች አንድ ነገር ልበል። የጨዋታው ዋና ፋይል በማይታወቅ ሰው ከተቀየረ ከላይ የተባለው ምርመራ ሁሉ መሠረት የለውም፤ የሚወድቀው አምራቹ የሠራው ኮድ አይደለምና። አንቲቫይረሱ ያንን ፋይል ሲይዘው «አንቲቫይረሱን አጥፋው» የሚለውን ምክር አትስሙ። በሕጋዊ መንገድ በተገዛ ጨዋታም ቢሆን መላውን ጥበቃ አታጥፉ፤ ለዚያ ጨዋታ አቃፊ ብቻ ፈቃድ ስጡ። ጨዋታው የሚወድቀው ሴቭ ሲያደርግ ከሆነ በተለይ፣ ዊንዶውስ ከ2017 ጀምሮ ዶኩመንትስ የተባለውን አቃፊ ከማያውቃቸው ፕሮግራሞች የሚከላከልበት አማራጭ በርቶ እንደሆነ እዩ።

ጥፋተኛውን ስታገኙ ደግሞ ለራሳችሁ ብቻ አታስቀሩት። የወደቀበትን ቀን፣ የኮድ ፋይሉን ስም፣ የስህተት ቁጥሩን፣ የዊንዶውሱንና የድራይቨሩን ስሪት፣ የትኛው ፕሮግራም ሲጠፋ እንደሚስተካከል ጽፋችሁ ለጨዋታው አምራችና ለሌላኛው ፕሮግራም ባለቤት ላኩ። «ጌማችሁ ይዘጋል» በሚል መልእክት ብቻ ችግሩን የሚጠግን ፕሮግራመር የለም፤ እነዚህን አምስት ነገሮች በያዘ መልእክት ግን ሊጠገን ይችላል።